ያየ ይናገር
የመርሳት ደዌ ያገኘውን ዘመድ ስለ ማስታመምና ለሐኪም ቃል ስለ መስጠት

በዚህ ዐምድ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ምግብ ንጽሕና ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ ደግሞ በብዙ ቤት ያለ፥ ነገር ግን በብዙ ቤት የሚሸሸግ አንድ ጉዳይ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ አስበናል። ይኸውም በመርሳት ደዌ የተያዘ አባት ወይም እናት፥ አጎት ወይም አክስት በቤታችን ሲኖር፥ አስታማሚው ከሐኪም ጋር እንዴት መነጋገር እንደሚገባው ነው።

አገራችን ሽምግልናን የሚያከብር አገር ስለ ሆነ፥ አንድ ሽማግሌ ነገር መደጋገም፥ የልጆቹን ስም ማለዋወጥ፥ የቤቱን መንገድ መሳት ሲጀምር ዘመዶቹ «ዕድሜ ነው» ብለው ያልፉታል። ከቤተ ሰቡ ውጭ ያለ ሰው ግን «ጃጀ» ይላል። እነዚህ ሁለት ቃላት አንዱ በአክብሮት፥ አንዱ በንቀት ቢነገሩም የሚያደርሱት ጉዳት አንድ ነው፤ ሁለቱም ሐኪምን ከደጅ ያስቀራሉ። ዕድሜ ሰውን ማዘግየቱ እውነት ነው፤ የሰው ስም ለጊዜው ጠፍቶ በኋላ ትዝ ማለቱም ለሁላችን የሚደርስ ነው። ዘመኑን ሙሉ ሒሳብ ሲይዝ የኖረ ሰው የመቶ ብር መልስ መቍጠር ሲያቅተው፥ ወይም ሠላሳ ዓመት በኖረበት ሰፈር መንገድ ጠፍቶት ሲገኝ ግን፥ ይህ ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ የአንጎል ደዌ ነው። በሽታውን ለሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረታችንም ለዚህ ነገር ይስማማል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፥ በ2021 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ይህ ደዌ ያለባቸው ሰዎች በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ነበሩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፥ ለብቻው ካላመለከትን በቀር፥ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ከነዚህም ከመቶው ከ60 የሚበልጠው እጅ የሚኖረው እንደኛ አገር ገቢያቸው ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች አዲስ ይያዛሉ። ሐኪሞች «ዲሜንሽያ» የሚሉት የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን የብዙ በሽታዎች የወል ስም ነው፤ ከነዚህም ውስጥ የሚበዛው፥ ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚደርሰው፥ አልዝሃይመር የተባለው ነው።

እንግዲህ ሐኪም ይህን ደዌ የሚመረምረው እንዴት ነው? የተሰበረ አጥንት በጨረር ይታያል፤ ወባ በደም ምርመራ ይገኛል። የመርሳት ደዌ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው በኑሮ ውስጥ ነው። በሌሊት፥ በማድ ቤት፥ በገበያ፥ በጸሎት ሰዓት ይታያል እንጂ በሐኪም ክፍል ውስጥ በአንድ ሩብ ሰዓት አይታይም። ይልቁንም በክብር የኖሩ ሽማግሌዎች በእንግዳ ፊት ራሳቸውን የመግዛት ልማድ ስላላቸው፥ ደዌው ብዙ ነገር ከወሰደባቸው በኋላ እንኳ የሰላምታ ሥርዐታቸውና የአነጋገር ለዛቸው ይቀራል። ሐኪሙ «እንዴት ሰነበቱ?» ሲላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ እንዴት ነህ ልጄ?» ብለው አባቱንና አገሩን ይጠይቁታል፤ መርቀውትም ይወጣሉ።

በአንድ የምናውቀው ቤት የሆነው ይህ ነው። ዘመናቸውን በመንግሥት ሥራ የፈጸሙ አንድ ሽማግሌ፥ ከሞተ ሃያ ዓመት የሆነውን ወንድማቸውን በየሌሊቱ እየጠሩ ከአልጋ ይነሡ፥ የግቢውን በር ይነቀንቁ ጀመር። ወደ ሐኪም በተወሰዱ ጊዜ አብሯቸው የሄደው የበኵር ልጃቸው ነበር። በኵር ስለ ሆነና በትልቅ ሥራ ላይ ስላለ፥ ስለ ቤተ ሰቡ መናገር የሚገባው እርሱ ነው ተባለ። እርሱ ግን በሌላ ሰፈር የሚኖርና አባቱን በእሑድ ምሳ ላይ ብቻ የሚያይ ሰው ነው። ሐኪሙ በጠየቀው ጊዜ «ጥቂት ከመርሳት በቀር ደኅና ናቸው» ብሎ መለሰ፤ መዋሸቱም አልነበረም፥ በእሑድ ምሳ ላይ ያየው ያንኑ ነበርና። ሽማግሌውም የቪታሚን እንክብል ታዞላቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ከአራት ሳምንት በኋላ እርምጃቸው እየከበደ፥ የቀን እንቅልፍም እየበዛባቸው ስለ ሄደ ዳግመኛ ተወሰዱ። በዚህ ጊዜ አብራቸው የሄደችው ከእርሳቸው ጋር በአንድ ቤት የምታድር ሴት ልጃቸው ነበረች። ያየችውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋ ነበር። በዚያም ወረቀት ላይ አባቷ ከሰባት ሳምንት በፊት በመታጠቢያ ቤት ወድቀው ራሳቸውን እንደ መቱ፥ የቀን እንቅልፉም ከዚያ ወዲህ እንደ መጣ ተጽፎ ነበር። ይህ ውድቀት ከመጀመሪያው ምርመራ ሦስት ሳምንት የሚቀድም ሲሆን፥ የበኵር ልጅ ግን አላየውም፥ አልሰማውምም። ሐኪሙ ወረቀቱን ባነበበ ጊዜ ራሳቸው በሲቲ ስካን እንዲነሣ አዘዘ፤ በአንጎልና በራስ ቅል መካከል የተጠራቀመ ደም ተገኘ። ደሙ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ እርምጃቸው ተስተካከለ፤ የቀን እንቅልፉም ቀለለ። መርሳቱ ከውድቀቱ አስቀድሞ የጀመረ ስለ ነበረ አልጠፋም፤ ቢሆንም ዛሬ ሰው እየደገፋቸው በገዛ እግራቸው ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ። ልጅቱ የሕክምና ትምህርት የላትም፤ ያየችውን ቀን ቈጥራ ተናገረች እንጂ።

እኛ ሥራችን በፍርድ ቤት የሰውን ቃል መጻፍ ስለ ሆነ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንብንም። በችሎት ፊት የምስክር ዋጋው በማዕርጉ ሳይሆን በማየቱ ነው። ባለ ማዕርጉ የሰሚ ሰሚ ሆኖ ሲገኝ፥ ዳኛው በስፍራው የነበረውን እረኛ ያስጠራል። ወደ ሐኪም ስንሄድ ግን ይህን ሥርዐት ትተን፥ በቤተ ሰቡ ውስጥ የከበረውን እንልካለን እንጂ ያየውን አንልክም። በብዙ ቤት ሌሊቱን የሚያየው ማን ነው? ሚስት ናት፤ ሴት ልጅ ናት፤ ምራት ናት፤ ብዙ ጊዜም የቤት ሠራተኛ ናት። ሽማግሌው ስንት ጊዜ እንደ ተነሡ፥ ምን ያህል እንደ በሉ፥ ልብሳቸውን ራሳቸው እንደ ለበሱ ወይም ሰው እንዳለበሳቸው የምታውቅ እርሷ ናት። ስለዚህ ጌቶችና እመቤቶች፥ አባታችሁን ወደ ሐኪም ስትወስዱ እርሷንም ይዛችሁ ሂዱ፤ በደጅ እንድትጠብቅ ሳይሆን ከናንተ ጋር ገብታ እንድትናገር። ሐኪሙም ሲጠይቃት ቃሏን ከአፏ አትንጠቁ።

የአልዝሃይመር ደዌ ራሱ ለዓለም የታወቀው ከቤት በመጣ ቃል ነው። በ1901 በጀርመን አገር በፍራንክፉርት ከተማ አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት ወደ አእምሮ ሕሙማን ሐኪም ቤት ገባች። ሐኪሟ አሎይስ አልዝሃይመር በ1907 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ ደዌዋ ሲናገር የሚጀምረው በቤቷ ከታየው ነገር ነው፤ አስቀድሞ በባሏ ላይ ቅናት እንዳደረባት፥ ከዚያም መርሳት እንደ በዛባት፥ በገዛ ቤቷ ውስጥ መንገድ እንደ ጠፋት፥ ዕቃ ከወዲያ ወዲህ እያመላለሰች እንደ ሸሸገች ይገልጻል። በምርመራ ክፍል ተቀምጦ ይህን ሁሉ ሊያይ የሚችል ሐኪም የለም። ሴትዮዋ በ1906 ከሞተች በኋላ አልዝሃይመር አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መርምሮ ያገኘውን በዚያው ዓመት በቱቢንገን ለተሰበሰቡ ሐኪሞች አስረዳ፤ በ1910ም ኤሚል ክሬፔሊን የተባለው ሊቅ ደዌውን በአልዝሃይመር ስም ጠራው። የማይክሮስኮፑ ምስክርነት የመጣው ከቤት ቃል አምስት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት ለምርመራ የሚረዳ የጥያቄ ወረቀት አዘጋጅተዋል። በ1975 የወጣውና በብዙ አገር የሚሠራበት አንዱ 30 ነጥብ ያለው ሲሆን፥ ዕለቱንና ዓመቱን፥ ስፍራውን፥ ሦስት ቃላት ይዞ ማስታወስን፥ መቍጠርንና መጻፍን ይጠይቃል። ነገር ግን ፊደል ያልቈጠሩ እናት አእምሯቸው ጤነኛ ሳለ ነጥባቸው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሊቅ ደግሞ ደዌው ከጀመራቸው በኋላ እንኳ ከፍ ያለ ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ። ስለዚህ በ1989 በአውስትራልያ ያሉ ሊቃውንት ለታማሚው ሳይሆን ለቅርብ ዘመዱ የሚቀርብ 26 ጥያቄ ያለው ወረቀት አወጡ። የጥያቄዎቹም አሳብ፥ ይህ ሰው ከ10 ዓመት በፊት ከነበረበት ጋር ሲነጻጸር በቅርቡ የሆነውን በማስታወስ፥ ገንዘብ በመያዝ፥ ዕቃ የት እንዳለ በማወቅ ተሻለ ወይስ ከፋ የሚል ነው። ይህን ሊመልስ የሚችለው አሥሩን ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ብቻ ነው።

በዋሽንግተንና በሌሎች የውጭ አገር ከተሞች ወላጆቻቸውን የሚያስታምሙ ወገኖቻችንም በዚህ ነገር ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። አንዲት እናት ዓመቱን ሲጠየቁ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ቢመልሱ፥ ከአውሮፓውያን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያንሳል፤ ጧት በዘጠኝ ሰዓት በአገሩ አቈጣጠር «ስንት ሰዓት ነው?» ቢባሉና «ሦስት ሰዓት» ቢሉ ትክክለኛ መልስ መልሰዋል። የኛን አቈጣጠር የማያውቅ ሐኪም ግን ሁለቱንም ስሕተት ብሎ ይጽፍባቸዋል። ይህን ከምርመራው አስቀድሞ ለሐኪሙ ማስረዳት የአስታማሚው ፈንታ ነው። ደግሞም የልጅ ልጅ አስተርጓሚ ሆኖ ባይቀርብ ይሻላል፤ ልጅ የአያቱን ጕድለት በአያቱ ፊት ለመናገር ያፍራል፥ ወይም መልሱን አሳምሮ ይተረጕማል። ሐኪም ቤቱ አማርኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ መጠየቅ ይገባል።

አሁን ቃሉ እንዴት ሊዘጋጅ እንደሚገባ እንናገር። ወረቀቱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ሐኪሙ ረዥም ታሪክ የሚያነብበት ጊዜ የለውምና።

1ኛ፤ ያያችሁትን ጻፉ እንጂ ፍርድ አትስጡ። «አባቴ አእምሯቸው ተነክቷል» ማለት ፍርድ ነው። «ጥቅምት 12 ቀን ምሳ ከበሉ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ምሳ አልበላሁም አሉ» ማለት ግን ምስክርነት ነው።

2ኛ፤ ነገሩ የጀመረበትን ጊዜ በታወቀ በዓል ወይም በታወቀ የቤት ጉዳይ ለዩ። «ከሁለት ዓመት በፊት በነበረው ጥምቀት ብቻቸውን ወጥተው ተመልሰዋል፤ በአምናው ጥምቀት ግን ከደጃፍ ላይ ጠፉ» የሚል ቃል ለሐኪም ብዙ ይነግረዋል።

3ኛ፤ አካሄዱን ለዩ። ቀስ በቀስ ነውን? ወይስ ቆም እያለ፥ እንደ ደረጃ በአንድ ጊዜ እየወረደ? ወይስ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ ነው?

4ኛ፤ ሰውየው ቀድሞ ምን ዐይነት ሰው እንደ ነበሩ ግለጹ። ትምህርታቸውን፥ ሥራቸውን፥ ጠባያቸውን ያላወቀ ሐኪም ምን እንደ ጠፋ ሊያውቅ አይችልም። ዝምተኛ የነበሩ ሰው ዝም ቢሉ ምልክት አይደለም፤ ተጫዋች የነበሩ ዝም ቢሉ ግን ምልክት ነው።

5ኛ፤ ለመናገር የሚያሳፍረውንም ጻፉ። መውደቅን፥ የእንቅልፍ መዛባትን፥ ሽንት ማምለጥን፥ ምግብ መተውን፥ የመጠጥ ልማድን፥ የቅርብ ኀዘንን፥ የጆሮና የዐይን መድከምን አታስቀሩ። ጆሮው የከበደ ሰው ያልሰማውን እንደ ረሳ ተቈጥሮበት ብዙ ጊዜ ይፈረድበታል።

እነዚህን ሁሉ የምንጠይቀው በከንቱ አይደለም። ቀስ እያለ ለዓመታት የሚሄድ መርሳት ወደ አልዝሃይመር ያመለክታል። እንደ ደረጃ እየወረደ የሚሄደው ብዙ ጊዜ የአንጎል ደም ሥር በመዘጋቱ ወይም በመድማቱ የሚመጣ ነው። የሌለ ሰው ወይም እንስሳ ማየት፥ የሰውነት መድረቅ፥ በሕልም እየጮኹ እጅና እግር መወራጨት ሲሰባሰቡ ሌዊ ቦዲ ወደሚባለው ደዌ ያመለክታል። ከመርሳት አስቀድሞ ጠባይ ከተለወጠ፥ ጨዋው ሰው የማይገባ ነገር መናገርና ማድረግ ከጀመረ፥ የፊተኛው አንጎል ደዌ ሊሆን ይችላል። ደግሞም የመርሳት ደዌ መስለው የሚመጡና ሊታከሙ የሚችሉ ነገሮች አሉ፤ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም፥ የቪታሚን ቢ 12 ማነስ፥ ጽኑ የኀዘን በሽታ፥ የቆየ ቂጥኝ፥ ከላይ እንደ ነገርናችሁም በራስ ቅል ውስጥ የተጠራቀመ ደም ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ሐኪሙ የትኛውን ምርመራ እንደሚያዝ የሚመራው በምስክሩ ቃል ነው።

ትናንት ደኅና የነበሩ ሽማግሌ ዛሬ ድንገት ቢቃዡ፥ ቢፈዙ ወይም ሰው መለየት ቢያቅታቸው፥ የቆየው ደዌ ተባባሰ ብላችሁ አትቀመጡ። ይህ ብዙ ጊዜ የሳንባ ወይም የሽንት መንገድ ቍስለት፥ የውሃ ማነስ፥ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት የሚያመጣው ነው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። ለሐኪሙም የምትናገሩት የመጀመሪያው ቃል «ይህ ከትናንት ወዲህ የመጣ ነው» የሚለው ይሁን።

ስለ መድኃኒት ደግሞ፥ በቤት ያለውን ሁሉ ከነብልቃጡና ከነማሸጊያው በአንድ ከረጢት አድርጋችሁ ውሰዱ። ከጎረቤት የተገኘውን፥ ከውጭ አገር ዘመድ የላከውን፥ ከባህል ሐኪም የተወሰደውን አትደብቁ። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነ፥ በጾምም ምክንያት እንክብሉን የሚውጡበት ሰዓት ከተለወጠ ወይም ከተቋረጠ ይህንንም ተናገሩ፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው እምነታችሁን ሊነቅፍ ሳይሆን የመድኃኒቱን ሥራ ሊያውቅ ነው። ለእንቅልፍ የሚሰጠው ዳያዜፓም፥ ለአለርጂና ለጉንፋን የሚሰጠው ዳይፈንሃይድራሚን፥ ለሕመም ማስታገሻ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን የሽማግሌን አእምሮ የበለጠ ሊያደክሙ ይችላሉ።

ዶኔፔዚልና ሜማንቲን የሚባሉት የመርሳት ደዌ መድኃኒቶች አንዳንዱን ሰው ለጊዜው ያግዛሉ እንጂ ደዌውን አያድኑም። በ2023 ሌካኔማብ፥ በ2024 ዶናኔማብ የሚባሉ አዲስ መድኃኒቶች በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ማግኘታቸውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ እነርሱም የሚሰጡት በአልዝሃይመር ደዌ መጀመሪያ ላይ ላሉ ብቻ ሲሆን፥ ደዌውን ያዘገያሉ እንጂ አያጠፉም፤ በአንጎል ላይ እብጠትና ደም ሊያመጡ ስለሚችሉም ብርቱ ክትትል ይፈልጋሉ። ታማሚው እረፍት ሲያጣና ሲቈጣ ለማብረድ የሚታዘዙት እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች ግን ሌላ ነገር ናቸው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2005 ስለ አዲሶቹ፥ በ2008ም ስለ ቀድሞዎቹ፥ የመርሳት ደዌ ባለባቸው አረጋውያን ላይ ሞትን እንደሚያበዙ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሌዊ ቦዲ ያለባቸውንማ ፈጽመው ሊጥሏቸው ይችላሉ። ይህም ማለት ሐኪም ምንጊዜም አያዝዛቸውም ማለት አይደለም፤ በታዘዙ ጊዜ ግን «ስለ ምን ታዘዘ? እስከ መቼ ይወሰዳል? ምን ምልክት ስናይ እንምጣ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በገዛ ፈቃድ ማቋረጥም እንደዚሁ አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደርሰናል። ልጅ በአባቱ ፊት የአባቱን ጕድለት ለሐኪም ሲዘረዝር አባትየው ምን ይሰማቸው? ቃላት ቢጠፉባቸውም ኀፍረት አይጠፋባቸውም። ወላጅን ማክበር ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱ ነው፤ ለሐኪም እውነቱን መናገርም እርሳቸውን ማዳን ነው። ሁለቱን ለማስታረቅ የሚሻለው መንገድ፥ ወረቀቱን ከመግባት አስቀድሞ ለነርስዋ ሰጥቶ ለሐኪሙ እንድታደርስ ማድረግ ነው። ከገባችሁ በኋላ ሐኪሙ አስቀድሞ እርሳቸውን ይጠይቅ፤ እናንተ ከጐናቸው ተቀመጡ። ሲሳሳቱ ወዲያው አታርሙ፤ ሐኪሙ ስሕተቱንም መስማት ይፈልጋልና። መናገር ሲገባችሁ «አባባ፥ ይህን ለሐኪሙ ልንገረው?» ብላችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ «እርሳቸው እኮ» እያላችሁ እንደሌለ ሰው አታውሩባቸው። በሌሊት የሚሆነውን በእጅ ስልክ ቀርጾ ለሐኪም ማሳየት አንዳንድ ጊዜ ከብዙ ቃል ይበልጣል፤ ነገር ግን ያ ሥዕል ለሐኪም ብቻ የተነሣ ነውና ወደ ዘመድና ወዳጅ አይተላለፍ፤ ሐኪሙ ካየው በኋላም ይጥፋ።

የደዌውን ስም ለታማሚው መንገር ይገባል ወይስ አይገባም? በብዙ ቤት ልጆች ሐኪሙን በጥቅሻ ጠርተው «ለእርሳቸው እንዳትነግር» ይሉታል። ይህን ከማድረግ አስቀድሞ ባለ ጉዳዩን ራሳቸውን «ሐኪሙ የሚያገኘውን ለማወቅ ይፈልጋሉ ወይስ ለልጆችዎ ይንገር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ደዌው በመጀመሪያው ጊዜ ላይ ሳለ አብዛኛዎቹ ስለ ራሳቸው ጉዳይ ማሰብና መወሰን ይችላሉ። በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰው ሁሉ ችሎታ እንዳለው ይቈጥራል፤ ይህን ችሎታ የሚከለክል ሕግና ፍርድ ቤት እንጂ የሐኪም ወረቀት ወይም የልጆች ጉባኤ አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙን አስቀድሞ «ስለ ንብረታቸውና ስለ ኑዛዜያቸው አሳባቸውን ለመግለጽ ዛሬ ይችላሉን?» ብሎ ጠይቆ፥ የመረመረበትን ቀን የያዘ ማስረጃ መቀበል ይገባል። በችሎት እንደምናየው፥ ይህ ያልተደረገባቸው ቤቶች ከሽማግሌው ቀብር በኋላ ወንድምና እኅት ለዓመታት ይካሰሱባቸዋል።

ከሐኪሙ ክፍል ከመውጣታችሁ በፊት የተባለውን ጽፋችሁ ለሐኪሙ መልሳችሁ አንብቡለት። የፍርድ ቤት ጸሐፊ የምስክሩን ቃል ከጻፈ በኋላ ለምስክሩ አንብቦ «ቃልህ ይህ ነው?» እንደሚለው፥ እናንተም «ይህ እንክብል ማታ ማታ አንድ፥ በሦስት ወር ተመለሱ፥ ቢወድቁ ወይም ድንገት ቢፈዙ ግን በዚያው ቀን ኑ፤ ያሉን ይህን ነውን?» በሉት። ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ሦስት ልጆች የሐኪሙን አንድ ቃል በሦስት መንገድ ከመተርጐም ትድናላችሁ። ያንን ወረቀት በአንድ መዝገብ ውስጥ አኑሩት፤ በሚመጣው ቀጠሮም ሌላ ሐኪም ቢቀመጥ፥ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሆነውን ከመዝገቡ ያገኘዋል።

የመጨረሻው ቃል ስለ አስታማሚዋ ነው። ሌሊቱን ስታድር ሳትተኛ የምትነጋ ሴት ከሐኪሙ ፊት ቀርባ ስለ ሽማግሌው ብቻ ተናግራ ትወጣለች፤ ስለ ራሷ የሚጠይቃት የለም፥ እርሷም መናገሩ ማማረር ይመስላታል። ነገር ግን የአስታማሚዋ ድካም የታማሚው ሕክምና አንድ ክፍል ነው። እርሷ የወደቀች ቀን እርሳቸውን የሚያነሣቸው የለም። ስለዚህ በወረቀቱ ግርጌ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደምትተኛ፥ የሚተካት ሰው እንዳለ ወይም እንደሌለ፥ የታከታትም እንደ ሆነ በግልጥ ትጻፍ። ሐኪሙ ይህን አንብቦ የሌሊቱን ጭንቅ የሚያቀልል ምክር ሊሰጥ፥ እርሷንም ሊመረምር ይችላል። በእሑድ ምሳ ላይ ብቻ የምንመጣውም ልጆች ይህን ስንሰማ፥ በሳምንት ሁለት ሌሊት የመተኛት ተራዋን ልንሰጣት ይገባል፤ እኛም እነዚያን ሁለት ሌሊት ነቅተን ካደርን በሚመጣው ቀጠሮ ለሐኪሙ የምንናገረው ያየነው ነገር ይኖረናል።

በሚመጣው ሳምንት የመርሳት ደዌ ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ምድጃው፥ ደረጃውና የግቢው በር እንዴት መዘጋጀት እንዳለበት እንጽፋለን።